ወንዶቹ ሲተኙ የሚወራው፦ ስለ ሳትራፒ «ጥልፍ» ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ስቶክሆልም የምትኖር አንዲት እህታችን ናት የጻፈችው። ኢራናዊት የሥራ ባልደረባዋ የማርጃን ሳትራፒን «ኢምብሮይደሪስ» (ጥልፎች ማለት ነው) የተባለ የሥዕል መጽሐፍ አዋሰቻት። በአንድ ማታ ጨረሰችው፣ እየሳቀች። ባለቤቷ ሁለት ገጽ ገለጥ አድርጎ «ይሄ እኮ ብልግና ነው» ብሎ መለሰላት። አሁን ሦስት ነገር ትጠይቃለች። የኢራን ሴቶች እውነት እንዲህ ያወራሉ? ርዕሱስ ለምን ጥልፍ ሆነ? ክረምት ላይ እናቷ ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ፣ እየተረጎመች ብታነብላቸው ነውር ይሆን?

እህቴ፣ ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የሥዕል መጻሕፍት ማረምና ማስተማር እንጀራዬ ከሆነ ቆይቷል፤ ይሄኛውን ግን አውቶቡስ ውስጥ ለማንበብ እኔም አልደፍርም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሰገግ ካደረገ አለቀልኝ። ሁለት ገጽ ገልጦ መፍረዱ ላይ ግን አልስማማም። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ወሬ ነው። የሴቶች ወሬ መሃል ድንገት የገባ ሰው ደግሞ የሚሰማው ሁሌም በጣም መጥፎውን ዓረፍተ ነገር ነው።

ላላነበቡት ትንሽ ላስተዋውቅ። ሳትራፒ እ.ኤ.አ. በ1969 ራሽት ከተማ ተወለደች፣ ያደገችው ቴህራን ነው፣ የምትጽፈው በፈረንሳይኛ። ስሟን ያስጠራው «ፐርሴፖሊስ» ነው። ከ2000 እስከ 2003 በአራት ቅጽ የወጣ የልጅነትና የወጣትነት ታሪኳ ነው፤ በ2007 ፊልም ሆኖ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። አንቺ እጅ የገባው በ2003 በፈረንሳይኛ «ብሮድሪ» ተብሎ ወጣ፣ በ2005 እንግሊዝኛው ተከተለ። ከትልቁ ሥራ አጠገብ ሲቀመጥ ቀጭን ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ አብዮትም ጦርነትም አይተረክበትም። እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት ጊዜ «ቀለል ያለች ነገር» ብዬ መደርደሪያ ላይ መልሼዋለሁ። ከዓመታት በኋላ ለሁለት ጓደኞቼ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ነው የገባኝ። ይሄ ለጆሮ የተሠራ መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሳ ተበልቷል። ወንዶቹ ጋደም ሊሉ ሄዱ። ሴቶቹ ዕቃውን አጥበው ሳሞቫሩ (ትልቁ የሻይ ማፍያ) አጠገብ ይሰበሰባሉ፤ አያት፣ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ የቤተሰብ ወዳጅ። ሻይ የማፍላቱ ሥራ የወጣቷ ማርጃን ነው። አያትየው፣ ጠዋት ጠዋት ሻይዋ ውስጥ ኦፒየም ከሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ትንሽ ካላሟሟች ፊቷ የማይፈታው እኒያ ጉደኛ ሴትዮ፣ ሰውን በሌለበት ማማት ለልብ ማናፈሻ ነው ብለው መድረኩን ይከፍታሉ። አለቀ፣ ከዚያ በኋላ አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትቀጥላለች። አንድ ጊዜ የአያትየው ባል ብቅ ይላሉ፣ ወዲያው ተመልሰው እንዲተኙ ይባረራሉ። የመጽሐፉ «ድርጊት» በሙሉ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

የሚወራው ግን! በ13 ዓመቷ ለ69 ዓመት ሽማግሌ ተድራ በሠርጓ ሌሊት የጠፋችው ፓርቪን አለች። ይህችው ሴትዮ ናት በኋላ ዘመኗ፣ ከሚስትነት ውሽምነት ይሻላል ብላ የምትሟገተው፤ ሚስት የቆሸሸ ካልሲውን ታጥባለች፣ ሕመሙንና ኩርፊያውን ትችላለች፣ ውሽማ ጋ ሲመጣ ግን ታጥቦ፣ ጥርሱን ፍቆ፣ ሽቶ ተቀብቶ ነው። ልጆች ወልዳ ያሳደገች ግን መብራቱ ሁሌ ስለሚጠፋ የባሏን ገላ በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት አለች። ከአውሮፓ ለመጣ ሙሽራ ተድራ፣ ሙሽራው በጥቂት ቀን ውስጥ የወርቅ ጌጧን ሰብስቦ ውልቅ ያለባት አለች። (ከውጭ በመጣ ሙሽራ የተቃጠለ ቤተሰብ እኛም ዘንድ ሞልቷል፣ እዚህ ላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።) የምላጩ ታሪክም አለ። እሱን ወደኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ «እውነት እንዲህ ያወራሉ ወይ» ላልሽው። ያወራሉ፤ ግን «የኢራን ሴቶች» የሚለውን ትንሽ እናጥብበው። ይሄ አንድ ቤት ነው። የቴህራን ቤት፣ የተማረ፣ ገንዘብ ያለው፣ አውሮፓን የሚያውቅ። «ፐርሴፖሊስ» ላይ ራሷ እንደምትነግረን የእናቷ አባት ከቃጃር፣ ማለትም ኢራንን ቀድሞ ይገዛ ከነበረው ሥርወ መንግሥት፣ ልዑላን ዘር ነው። ከመቀመጫዋ ስብ አስወጥታ ጡቷ ላይ ያስጨመረች ሴት የምትገኘው የቀዶ ሕክምና ገንዘብ ካለበት ሳሎን ነው። ቁም በምትባለው የሃይማኖት ከተማ ያለ የሙስሊም ሼሆች ቤተሰብ፣ የባሉቺስታን ገበሬ ሴት፣ ወይም የዚያው ቤት ሠራተኛ ሳሞቫሩ አጠገብ ወንበር የላቸውም። ስለዚህ ባልደረባሽን «እናንተ እንዲህ ናችሁ ለካ» እንዳትያት። ምናልባት የሷ አያት ይህን ወሬ ብትሰማ ጆሮዋን ትይዝ ነበር።

ሌላም ሰው የሚስተው ነገር አለ። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ «አብዮቱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው» ይላል። በዕድሜ የገፉት ሴቶች የሚያወሩት ግን ከአብዮቱ በፊት፣ በሻህ (በንጉሡ) ዘመን ስለደረሰባቸው ነው። የፓርቪን ጋብቻ የቆየ ታሪክ ነው። እርግጥ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ወዲያና ወዲህ ተንከባሏል፤ በ1975 የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 18 ተደረገ፣ ከ1979 አብዮት በኋላ ወደ 9 የጨረቃ ዓመት ወረደ፣ በ2002 ወደ 13 ከፍ አለ፣ ከዚያ በታች ደግሞ በፍርድ ቤት ፈቃድ ይቻላል። ሕጉ ይህን ያህል ሲወጣና ሲወርድ የሳሎኑ ወሬ ግን ያው ነው፣ አስቂኝነቱም አሳዛኝነቱም እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ደግሞ ኢራን ውስጥ ሴት ስለ ፍቅር ስትናገር ሳትራፒ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ባለቅኔዋ ፎሩግ ፋሮኽዛድ በ1950ዎቹ አጋማሽ «ኃጢአት» የሚል ግጥም አሳትማ አገር አናወጠች፤ በ1967 በመኪና አደጋ ስትሞት ገና 32 ዓመቷ ነበር። ከዚያም ርቀሽ ከሄድሽ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጎርጋኒ የጻፈው የቪስና የራሚን የፍቅር ታሪክ አለ። እዚያ ውስጥ የሙሽራይቱ ሞግዚት ንጉሡ ባል ሚስቱን እንዳይደርስባት በአስማት ታስረዋለች፣ ድግምቱን የቀበረችበትን ቦታ ግን ጎርፍ ይወስደዋል፣ መፍትሔውም አብሮ ሄደ። በል እንግዲህ! ይህን ዛሬ ሳሞቫሩ አጠገብ ብታወሪው ማንም ሺህ ዓመት የሞላው ታሪክ ነው ብሎ አይጠረጥርም።

አሁን ስለ ሻዩ ላንሳ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የእኛ ሰው ቶሎ «አሃ፣ ቡና ነው!» ብሎ ያልፋል። ይመሳሰላል፣ አልክድም። ወሬው በፍልውሃው ልክ የሚረዝም፣ አፍይዋ ታናሽ የሆነች፣ ሐሜቱ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ የሚሞቅ። ግን የኢራን ሻይ በትዳር ጉዳይ ላይ የራሱ ታሪክ አለው። ሴት ልጅ የሚጠይቁ ሰዎች ሲመጡ (ኻስተጋሪ ይሉታል፣ ከእኛ ሽማግሌ መላክ የሚለየው ልጁ ራሱ ከእናት ከአባቱ ጋር መምጣቱ ነው) ልጅቷ የሻይ ትሪ ይዛ ትገባለች። ያኔ ነው የምትታየው። እጇ ይንቀጠቀጣል? ሻዩ ቀለሙ ደህና ነው? አቀራረቧስ? እሷ ዝም ብላ ታዞራለች፣ ሌሎች ያወራሉ። የኒካው ዕለትም ልክ እንዲሁ ነው። ቃሉን የሚያስረው ሰው «ፈቃደኛ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ሙሽራዋ ዝም ትላለች፤ በዙሪያዋ ያሉ ሴቶች «ሙሽራዋ አበባ ልትለቅም ሄዳለች» ብለው ይጮኻሉ። ሁለተኛ ሲጠየቅ «የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች»። ሦስተኛው ላይ ነው «በአባቴና በእናቴ ፈቃድ፣ አዎ» የምትለው። ቆንጆ ጨዋታ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ልብ በይው፤ ሴትዮዋ በሕይወቷ ትልቁ ቀን ላይ የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው። የሳትራፒ መጽሐፍ ያንኑ ሻይ፣ ያቺኑ አቅራቢ ልጅ ወስዶ ነገሩን ገለበጠው። ትሪውን የያዘችው ልጅ እዚህ አትመረመርም፣ ትሰማለች። የዛሬ 30 እና 40 ዓመት አበባ ልትለቅም የሄደችው ሙሽራ ደግሞ አሁን ተመልሳ መጥታ የቀረውን ሁሉ ታወራለች።

ሥዕሉም የሚያግዘው ይህንኑ ነው። «ፐርሴፖሊስ» በሳጥን ሳጥን የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል የራሱ አራት ማዕዘን አለው። እዚህ ሳጥን የለም። ፊቶቹ ነጩ ወረቀት ላይ እንደተቀመጡ ነው፣ ጽሑፉም የእጅ ጽሑፍ ነው፣ አንዷ ስትናገር የሌላዋ ቃል አጠገቧ ይገባል። አንዳንድ ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ፊት ብቻ ታያለሽ፣ አንዳንዱ ላይ አምስት ራስ ተደርድሮ ሁሉም አፉን ከፍቷል። አንዷ ወደ ኋላ ስትመለስ፣ ያ ሽማግሌ ባል ወይም ያ ወርቅ ይዞ የጠፋ ሰውዬ ድንገት ከሴቶቹ አጠገብ ተስሎ ይመጣል፤ ያለፈውን ከአሁኑ የሚለይ መስመር የለም። ለተማሪዎቼ ሁሌም የምላቸው፣ ሳጥን ማለት «አንተ ጨርስ፣ እኔ ልጀምር» የሚል ሥርዓት ነው። እነዚህ ሴቶች ደግሞ እንኳን ሳጥን፣ ትንፋሽም አይጠብቁ። በነጭና ጥቁር ብቻ መሳሉም አልጎዳውም። ቅንድብ እንዴት እንደተነሳ አይተሽ ቀልዱ ከመምጣቱ በፊት ትስቂያለሽ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታነቢ የምትናገረዋን ትተሽ የምትሰማዋን ተመልከቺ፤ ማርጃን በተለይ ብዙ አትናገርም፣ ፊቷ ግን ሥራ አይፈታም።

ወደ ርዕሱ። ሴቶቹ «ጥልፍ» የሚሉት ቀዶ ሕክምናን ነው። ድንግልናን መልሶ መስፋት። «ሙሉ ጥልፍ» አስደረገች ከተባለ ገብቶሻል። የጨዋ ቃል ለብሶ ሳሎን ውስጥ መናገር የሚቻል ሆነ ማለት ነው፤ ማንኛዋም አያት ልትይዘው የምትችል የእጅ ሥራ። የፈረንሳይኛው ቃል ሌላም ትርጉም አለው፣ ታሪክን ማጋነን፣ ማሳመር፣ መጨመር። የሳሎኑ ወሬ ምን ያህሉ የሆነ፣ ምን ያህሉ በየዓመቱ የተጠለፈበት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ለምን መስፋት አስፈለገ የሚለው ግን ቀልድ አይደለም። ነገሩ ስለ ክብርና ስለ ጎረቤት አፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነበር። የኢራን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1043 አግብታ የማታውቅ ድንግል ሴት፣ ለአካለ መጠን ብትደርስም፣ ለመጀመሪያ ጋብቻዋ የአባቷን ወይም የአባቷን አባት ፈቃድ ያስፈልጋታል ይላል። አንቀጽ 1128 ደግሞ ከተጋቢዎቹ በአንዱ ላይ ይኖራል ተብሎ ቅድመ ሁኔታ የተደረገ ባሕርይ ከሌለ ሌላው ጋብቻውን ማፍረስ ይችላል ይላል፤ ድንግልና እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርፌው የሚሰፋው ገላን ቢሆንም አብሮ የሚጠገን ወረቀት አለ።

ወርቁም እንዲሁ ነው። ሙሽራው ጌጥ ይዞ ጠፋ የሚለው ታሪክ የሚያስቀው፣ በሕጉ ከወንድ ወደ ሴት መሄድ የነበረበት ሀብት ተገልብጦ ስለሄደ ነው። መህሪዬ ይሉታል፤ ሙስሊም ወገኖቻችን መህር የሚሉት ነው። ኢራን ውስጥ ብዙ ጊዜ በወርቅ ሳንቲም ይቆጠራል፣ አንዱ 8.13 ግራም ይመዝናል። አንዳንዶች የሙሽራዋን የትውልድ ዓመት በኢራን አቆጣጠር ወስደው ያንኑ ያህል ሳንቲም ውሉ ላይ ያሰፍራሉ፤ ከ1300 በላይ ወርቅ ማለት ነው፣ ከየት ይመጣል? «ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ» የሚል አባባል አላቸው፣ በፈገግታ ይፈርሙና ይበላሉ ይጠጣሉ። ጠብ ሲመጣ ነው ወረቀቱ የሚወጣው። በ2013 በሥራ ላይ የዋለው የቤተሰብ ሕግ ባል ባለመክፈሉ የሚታሰርበትን መጠን በ110 ሳንቲም ወሰነው፤ ይህም ራሱ ወደ 900 ግራም ወርቅ ይጠጋል። ሴቲቱ ለመፋታት አቅም የሚኖራት ብዙ ጊዜ ይህን በመተው ነው። ለዚህም አባባል አላቸው፦ «መህራም ሀላል፣ ጃናም አዛድ»፤ መህሬን ምሬሃለሁ፣ ነፍሴን ልቀቃት እንደማለት ነው። ይህን ካወቅሽ በኋላ መጽሐፉን መልሰሽ ብታነቢ፣ አሮጊቶቹ የሚስቁበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆም ትያለሽ።

አሁን የምላጩ ታሪክ። የአያትየው ወዳጅ ናሂድ ሠርጓ ደርሷል፣ ድንግል አይደለችም፣ ጨንቋታል። ያኔ የሚሰፋ ሐኪም የት ይገኛል። አያትየው «ትንሽ ምላጭ ያዢ፣ በጊዜው ራስሽን ጫር አድርጊ፣ ደም ይታያል» ብለው መከሯት። ሌሊቱ ደረሰ። ድንጋጤም አለ፣ ጨለማም አለ። ምላጩ ያረፈው ሙሽራው ላይ ነው፣ ያውም በማይሆን ቦታው። ደም ታየ፣ የማን እንደሆነ ግን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ባለቤትሽ የገለጠው ገጽ ይህ ከሆነ አልፈርድበትም።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር ልንገርሽ፣ ይሄ የአርታኢ ጭንቀት ነው። መጽሐፉ ወደ አማርኛ ቢመለስ ርዕሱ ምን ይሁን? «ጥልፍ» ብለሽ ጨረስሽ ይመስላል። ግን በእኛ ቋንቋ ጥልፍ ብቻውን አይመጣም። ቀሚስ የጠለፈችውም፣ ልጅቷን ከወንዝ መንገድ ላይ የጠለፋትም ያው ግሥ ነው። አማርኛ አንባቢ የትዳር መጽሐፍ ሽፋን ላይ «ጥልፍ» ሲያይ ጆሮው ጥግ ላይ ጠለፋ ይሰማዋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ጠለፋ የለም። መጀመሪያ ይህ እንከን መስሎኝ «ስፌት» እንበለው አልኩ። ስፌት ደግሞ ሰፌድና መሶብ ይዞ መጣ፣ ቀልዱም ጠፋ። አሁን አሁን «ጥልፍ» ይሻላል ወደሚለው አዘንብያለሁ። ሦስተኛም ትርጉም አለዋ፣ ስልክ መጥለፍ። የሌላውን ወሬ ሳያውቁት ማዳመጥ። አንባቢው ሳሞቫሩ አጠገብ የሚሠራው ሌላ ምንድን ነው? የሳትራፒ ፈረንሳይኛ ማጋነንን ጨምሮበት ነበር፤ የኛው ደግሞ መስረቅንና ማዳመጥን ይጨምርበታል። የተሻለ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ እውነቴን ነው።

እናትሽን በተመለከተ። ነውር አይሆንም፣ ግን አነባበቡ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ እንደ ዜና አታንብቢላቸው፤ አጠገባቸው ሆነሽ ሥዕሉን እያሳየሽ፣ ፊቶቹን እያዩ። በፓርቪን ጀምሪ፣ የልጅነት ጋብቻን ነገር ማስረዳት አያስፈልግሽም። የጡቱን ቀዶ ሕክምና ለሌላ ቀን ተዪው፣ ወይም ራሳቸው «ይቺኛዋስ ምን ትላለች?» ሲሉ ንገሪያቸው። ምላጩ ጋ ስትደርሺ ግን ለመተርጎም አትጨነቂ። እናትሽ የብር አምባር ጭፈራ እየሰሙ ያደጉ ሴት ናቸው፤ ሚዜዎቹ ያንን ነጭ ጨርቅ ይዘው ሲመጡ የሙሽራዋ እናት ፊት ምን እንደሚመስል ካንቺም ከኔም በላይ ያውቃሉ። እንዲያውም መጽሐፉን ከፍተሽ ሳታነቢ ልትቀሪ ትችያለሽ፤ የሚነግሩሽ ከሚነበበው ይረዝምብሻልና። ቡናውን አቅርቢ፣ ባለቤትሽን ደግሞ ምሳውን አብልተሽ አስተኚው።